ይላክ? ይቅር?

በትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው ሴት "እትዬ ቀሪ" የሚል ቅጽል የወጣላት በከንቱ አልነበረም። ማንኛውም ደብዳቤ ከእጇ ሲወጣ አንድ ቅጂ ፋይሉ ውስጥ መቅረት አለበት፤ ቀሪ የሚባለው እሱ ነው። ቀሪ ሳታስቀሪ ላኪልኝ ያላት ርእሰ መምህር ሁሉ ከበር ተመልሷል። ፋይሉ ውስጥ ይቆይ ለማለት በጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ይቅር" ብላ የጻፈችበትን ወረቀትማ ንክች የሚያደርግ አልነበረም።

በዚያ ክረምት መምህሩም፣ ጸሐፊውም፣ ዘበኛውም ሳይቀር የኮምፒዩተር ሥልጠና ይግባ ተባለ። እሷ መጀመሪያ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ነበር። አዲሱ ርእሰ መምህር ግን መዝገብ ቤቱን ለኮምፒዩተር ክፍል ፈልጎታልና መላ ዘየደ። መለማመጃዋ የራሷ መዝገብ ይሆናል፤ የአራት ዓመት ተመራቂዎችን ውጤት ማሽኑ ውስጥ ታስገባለች፤ ውጤቱ ገብቶ ያለቀው የመዝገብ ካርቶን ወደ ወረቀት ፋብሪካ ይሄዳል። ካርቶኖቹ ለጊዜው ይቆዩ ብላ ለመነችው። "እትዬ፣ ማሽን እንደ አይጥ ወረቀት አይበላም" ብሎ ሳቀባት። እሷም ኋላ ቀር ላለመባል አብራው ሳቀች። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ስምንት ሳምንት ፊደሉን በሁለት ጣት ለቀመች። አጠገቧ የተቀመጠው የባዮሎጂ መምህር ጥሬ የምትለቅም ዶሮ ትመስያለሽ እያለ ሲቀልድባት ቀና ብላም አላየችው። እያንዳንዱን ስም ሦስት ጊዜ ታመሳክራለች፤ ካርቶኑ ሲወጣም እስከ መኪናው ድረስ ትሸኘዋለች። በስድስተኛው ሳምንት ግን ነገሩ ጣማት። ልጇ ዘንድ ደውላ "እናትሽ ዘመነች" አለቻት።

የመጨረሻው ቀን ማሽኖቹ ሲዘጉ ያልተላከ ሁሉ ከውስጣቸው እንዲጠፋ ተደርገው፣ ለሌላ ትምህርት ቤት ሊሄዱ ነው። አሠልጣኟ ከኋላ ሆና የምስክር ወረቀት እያደለች፣ የሠራችሁትን ወደ ዋናው ማሽን ላኩና ዝጉ አለች። እትዬ ቀሪ ዝጋ የሚለውን ስትነካ ጥያቄ መጣ፦ "ሥራዎ አልተላከም። ይላክ? ይቅር?"

አሰበችበት። ይላክ ብትለው ሁሉም ተጠራርጎ ይሄዳል፤ እሷ ዘንድ ምን ይተርፋል? መጀመሪያ ቀሪው ይያዝ፣ ከዚያ ይላካል። ይቅር የሚለውን ተጫነች። "እርግጠኛ ነዎት?" አላት። በዕድሜዋ እንዲህ እርግጠኛ ሆና አታውቅም። አዎ አለች።

ከዚያ አሠልጣኟን ጠርታ አሁን እንዴት ነው የምልከው አለቻት። አሠልጣኟ የቱን እንደነካች ጠየቀች፤ ሰማች፤ ፊቷ ልውጥ አለ። አንዴ ከፈተች፣ አንዴ ዘጋች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"እኔ እኮ ይቅር ያልኩት እንዲቀር ነው" አለች እትዬ ቀሪ።

"ቀረ፣ እትዬ" አለች አሠልጣኟ ዝቅ ባለ ድምፅ። "በቃ፣ ቀረ።"

ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈለጉት። የውሃ ሽታ ሆነ። ፋብሪካው ሲደወልለት ካርቶኖቹ ከተፈጩ ሰንብተዋል አለ። ባዶው መደርደሪያ ሥር ቁጭ አለች። ርእሰ መምህሩ መጥቶ ነገሩ ለጊዜው አይወራ አላትና የምስክር ወረቀቷን ሰጣት። ስሟ በወርቃማ ቀለም ተጽፎበታል። ሞቷን ተመኘች።

ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ወጣት ሴት መስኮቱ ጋ መጣች። ሆስፒታል በነርስነት ሊቀጥራት ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትራንስክሪፕቷን እስከ ዓርብ ካላመጣች ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

"ያውቁኛል አይደል፣ እትዬ?"

እንዴት አታውቃት! በኬሚስትሪ ዘጠና አንድ፣ በሒሳብ ሰማንያ ስድስት፤ በገዛ ጣቷ አስገብታዋለች። ውጤቱን ከቃሏ ጽፋ ወደ ርእሰ መምህሩ ሮጠች። ከየት አመጡት ሲላት ከጭንቅላቴ አለችው። ወረቀቱን ሳያነበው መለሰላት።

"ከጭንቅላት በተቀዳ ነገር ላይ ማኅተም አላደርግም" አለ። "ነገ ሌላው ሁሉ ይመጣል። ለሁሉም ከጭንቅላትዎ ሊሰጡ ነው?"

እውነቱን ነው፤ የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ከትምህርት ቤቱ የወጣ ወጣት በሙሉ፣ ልክ እንዳልተማረ ሆኗል፤ ይህን ያደረገው ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፤ እሷው ናት። እግሯን እየጎተተች ወደ መስኮቱ ተመለሰች።

"ስንት ቀን ልጠብቅ?" አለቻት ልጅቱ።

"አትጠብቂ፣ የኔ ልጅ።"

ልጅቱ በደንብ ያልተሰማች መሰላት። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ፣ የተመረቀችበትን ዓመት ቀስ አድርጋ ደገመችላት።