ሰማዩ ሲያጉረመርም ከሜዳ ውጡ

እኔ ተናድጄ ዝም ማለት አልችልበትም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገረው። አባቴ መንሱር ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ አውሮራ ከተማ ውስጥ ላገኘው ሐበሻ ሁሉ «ዛኪያ ፊዚካል ቴራፒ እየተማረች ነው» ሲል ከርሟል። ውሸት! የምማረው ስፖርት ማኔጅመንት ነው። ውድድር እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ስታዲየም እንዴት እንደሚመራ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እንዴት በሰላም ገብቶ በሰላም እንደሚወጣ። አባቴ ግን «ስፖርት» የሚለው ቃል ከአፉ አይወጣም። «ሰው ምን ይለኛል? ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኳስ ታያለች አይሉኝም?» ይላል።

ለመመረቅ አንድ እውነተኛ ውድድር መምራት አለብኝ፤ ፕሮፌሰር ሃርፐር መጥታ በዓይኗ ማየት አለባት። ደስ ካላት ለአንድ ትልቅ ክለብ የሥራ ልምምድ ትጠቁመኛለች። እኔ ሞኟ የመረጥኩት የኛኑ የሐበሾችን የክረምት የእግር ኳስ ውድድር ነው። የኮሚቴው ሊቀመንበር ጋሽ እንዳሻው «ተባረኪ ልጄ» ብለው ሥራውን በሙሉ ጫኑብኝ። ሎውሪ ሜዳ ተከራየሁ፣ ዳኛ ፈለግኩ፣ አምቡላንስ ለመንኩ፣ የክርስቲያንና የእስላም ምግብ ድንኳን ለየብቻ አስተከልኩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የነጎድጓዱን ደንብ ለኮሚቴው ነገርኩ። እዚህ አገር በዚህ ወቅት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ነው የሚገለባበጠው። ነጎድጓድ ከተሰማ መብረቅ ቅርብ ነውና ጨዋታ ይቆማል፣ ሁሉም ወደ መኪናው ይገባል፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። «እሺ፣ እሺ» አሉኝ።

የፍጻሜው ቀን ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ፕሮፌሰሯ መጣች። ምን ሆነ መሰላችሁ? ኮሚቴው በሙሉ ግር ብሎ ተነሣ! «ፈረንጅ እንግዳ መጣች፣ ወንበር አምጡ!» በድንኳኑ ጥላ ሥር ለሜዳው ጀርባዋን ሰጥተው አስቀመጧት። እትዬ አጸደ ከወጥ ድስታቸው ተነሥተው «በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ» ብለው አፏን ሞሉት። ሴትዮዋ የመጣችው እኔን ልታይ ነው፤ እነሱ ደግሞ ትሪ ያሳዩዋታል!

ይሄም አልበቃ። ጋሽ እንዳሻው በእጃቸው ጠሩኝ። «ዛኪያ፣ ነይ እስቲ እንግዳዋን አስታጥቢያት።»

«ጋሽ እንዳሻው፣ እኔን ልትመዝን'ኮ ነው የመጣችው። ሜዳው ላይ መሆን አለብኝ።»

«ታዲያ ስታስተናግጂ ትይሽ! ከዚህ የበለጠ ምን ሙያ አለ?» አሉና ከዳኛውና ከአምቡላንሱ ጋር የምነጋገርበትን ሬዲዮዬን ከእጄ ወስደው ኪሳቸው ከተቱት። «እኔ እይዝልሻለሁ።»

አጠገባቸው የቆመውን አባቴን አየሁት። ያግዘኛል ብዬ ነበር። «አታዋርጂኝ ልጄ» አለኝ በቀስታ። የውሃውን ጆግ አነሣሁ። በዚህ መሃል እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለፕሮፌሰሯ በእንግሊዝኛ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ልጄ ፊዚካል ቴራፒ ነው የምትማረው።» ለአስተማሪዬ! ለገዛ አስተማሪዬ! ደሜ ፈላ። ሴትዮዋ ሌላ ጉርሻ እያኘከች እሱን አየች፣ እኔን አየች።

ያን ጊዜ ከተራሮቹ በኩል ሰማዩ አጉረመረመ።

ጆጉን እዚያው ጥዬ ወደ ሜዳው ሮጥኩ። ፊሽካዬን ነፋሁ። «ጨዋታው ቆሟል! ሁላችሁም ወደ መኪና!» አንድ ሰው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ተጫዋቹም ዳኛውም ዘወር ብለው የሚያዩት ጋሽ እንዳሻውን ነው። እሳቸው ከድንኳኑ ሥር ማይኩን አነሡ። «ተጫወቱ፣ ተጫወቱ! ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። ስንት ክረምት በጭቃ ኳስ የተጫወትን ሰዎች ነጎድጓድ ሊያስፈራን ነው?» ሕዝቡ ሳቀ። ወላሂ፣ ሳቀብኝ።

ፕሮፌሰሯ ከወንበሯ ተነሣች። ጉርሻውን እንኳ ገና አልዋጠችም። «ሜዳውን ልቀቁ ተብላችኋል፤ አሁኑኑ!» ብላ በእንግሊዝኛ ጮኸች።

አቤት ሩጫ! «ፈረንጇ ውጡ ብላለች!» እያሉ ሕፃን አዋቂው ወደ ፓርኪንጉ ነጎደ። እኔ ያንኑ ነገር በአማርኛ፣ በፊሽካ፣ በእጄም ነግሬያቸው ነበር'ኮ! ወይ ነዶ!

ፕሮፌሰሯ አጠገቤ እየሮጠች «ቀድመሽ የሮጥሽው አንቺ ነሽ፤ አይቻለሁ» አለችኝ። «የሰሙት ግን እኔን ነው። እኔ የሌለሁ ቀን ምን ይሆናል? ሰው የማይሰማትን ልጅ ለክለብ እንዴት እጠቁማለሁ?» ያቃጠለኝ ደግሞ እውነቷን መሆኑ ነው።

እሷ ወደ መኪናዋ ሄደች፤ እኔና አባቴ እሱ የሚሠራበት ታክሲ ውስጥ ገባን። በረዶው ጣሪያውን ይቀጠቅጠዋል። አባቴ መሪውን ይዞ ወደ ፊት ያያል።

«ሬዲዮዬን ሲወስዱብኝ ለምን ዝም አልክ?»

«ትልቅ ሰው ናቸው።»

«እኔስ? ሦስት ዓመት በውሸት ሙያ ስታስተዋውቀኝ ዝም ያልኩህ እንዳላዋርድህ ነው። አንተ በእኔ ማፈርህን ለማን ልንገር? አፍረህብኛል አባዬ!»

«አላፈርኩም...»

«እንግዲያው ዝናቡ ሲያቆም ማይኩን ውሰድና የምማረውን ለሕዝቡ ተናገር። ካልተናገርክ ምረቃዬ ላይ እንዳትመጣ። ለፊዚካል ቴራፒስት አባት የሚሆን ወንበር እዚያ የለም።»

በሕይወቴ እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። ግን ቃሌን አልመለስኩም።

በረዶው ቆመ፣ ፀሐይ ወጣች። ግማሽ ሰዓቱ ሳይሞላ ሰዉ ከመኪና እየወረደ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ጋሽ እንዳሻውም ሳህናቸውን ይዘው ቀድመው ቆመዋል። «ገና ነው! ተመለሱ!» ብዬ እየጮኽኩ ተከተልኳቸው፤ ማን ሰምቶኝ። አባቴ ሰዉን ሰንጥቆ አለፈኝና ማይኩን አነሣ።

«ወገኖቼ» አለ። «ስዋሽ ነው የኖርኩት። ልጄ ዛኪያ የምትማረው ፊዚካል ቴራፒ አይደለም። ልጄ የምትማረው...»

ቆመ። ዞሮ አየኝ። ማይኩ አፉ ላይ እንዳለ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ፣ «ስሙን ምን ነበር ያልሽኝ?» አለኝ።

ሦስት ዓመት። ለካ የደበቀውን ነገር ስሙን እንኳ አያውቀውም! አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅማ! ከውሸቱ ይልቅ አንጀቴን ያሳረረው ይሄ ነው። አፌን ልከፍት ስል ሰማዩ እንደገና አጉረመረመ።

ማይኩን ከእጁ ነጠቅኩት። «ሰዓቱ እንደገና ከመጀመሪያው ይቆጠራል! ሁላችሁም ወደ መኪና! ጋሽ እንዳሻው፣ እርስዎም! ሳህኑን ያስቀምጡ፣ ሬዲዮዬን ይስጡኝ!»

ጋሽ እንዳሻው አፋቸውን ከፈቱ። ወደ ፕሮፌሰሯ አዩ። እሷ እኔን ለመመዘን ከመኪናዋ ወርዳ፣ እጇን አጣጥፋ ታየኛለች። መልሰው እኔን አዩኝ። ሬዲዮውን አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩና ሄዱ። ሕዝቡም ተከተላቸው፤ ፕሮፌሰሯም እንደ ማንኛውም ሰው ወደ መኪናዋ ሮጠች።

ሜዳው ባዶ ሆነ። አባቴ ብቻ ዳግም የጀመረው ዝናብ እየመታው ፊቴ ቆሟል።

«ዛኪያ፣ ልጄ፣ ስሙን ንገሪኛ።»

«መጀመሪያ መኪናህ ውስጥ ግባ» አልኩት።

ገባ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጠበቀኝ።