ከሪባኑ ሥር

«የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ወዲህ በይ፤ ለሚያድሩት ብርድ ልብስ አንሷል» አለች አክስቷ።

«ጠፍቷል።»

«ቁልፍም በለቅሶ ቤት እግር ያወጣል እንዴ?»

ልጅቱ በጥቁር ሻሏ ጫፍ የቋጠረችውን ቁልፍ ጨመቅ አደረገች። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ እህል አልወረደላትም። ሐዘኑ ብቻ ቢሆን በታደለች! ከብርድ ልብሶቹ ሥር ያገር ዋንጫ ተሸሽጓል። አንድ ሰው ቢያየው፣ ዕድሜ ልኩን የሰው ስም ሲቀርጽ የኖረው አባቷ «ሌባ» የሚል ስም ይዞ ሊቀር ነው።

የእግር ኳስ ጥሎ ማለፉ ፍጻሜ በመጣ ቁጥር ለአባቷ ሜዳው ዳር ጠረጴዛ ይዘረጋለታል፤ ዋንጫው የአሸናፊውን ስም ይዞ እንዲሰጥ የመጨረሻው ፊሽካ ሳይነፋ መቅረጽ ይጀምራል። በመጨረሻው ፍጻሜ ሳሙና ፋብሪካ ሁለት ለባዶ ይመራ ነበር። አባት ሆዬ ዝናቡ ሳይቀድመኝ ብሎ «ሳሙና ፋብሪካ» ሲል ቀረጸ። ቀና ቢል የመንደሩ ቡድን ወፍጮዎች ሦስት አግብተዋል! ስሙ ላይ ሪባን ጠመጠመበት፤ በነጋታውም «ልወልውለው» ብሎ ዋንጫውን ቤቱ ወሰደው።

ስሙን ፍቆ ሳይጨርስ ውድድሩ ራሱ ተፋቀ። ትልልቆቹ ክለቦች በመንደር ቡድን መረታት አንገሽግሿቸው ተጠባባቂ መላክ ጀምረው ነበር፤ በዓመቱ ዕጣ የሚያወጣም ጠፋ። ለውድድሩ ሞት መርዶ ነጋሪ እንኳ አልተላከም። ዋንጫውን የጠየቀ ባይኖርም አባቷ በር በተንኳኳ ቁጥር እንደ ሚዳቋ ይበረግግ ነበር።

አሁንም በሩ ተንኳኳ። የወፍጮዎች የዚያን ጊዜ አምበል ጉልበቱን እየደገፈ ገባ። «ነፍሱን ይማረው» ብሎ አጠገቧ ተቀመጠና ጎንበስ አለ።

«ልጄ፣ ዋንጫው አለ?»

የሻሏን ቋጠሮ በመዳፏ ሸፈነች። «የምን ዋንጫ፣ ጋሼ?»

«ተዪ እንጂ። ውሸት ላባትሽም አላማረለት። ያን ቀን ብድግ ሳደርገው ከሪባኑ ሥር በጣቴ አነበብኩት። ‹ሳሙና› ይላል!»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ፊቱን አየሁታ። ያን ፊት አይቶ የሚናገር ሰው ነው?»

ይዛው ወደ ጓዳ ገባች፤ ቁልፉንም ከሻሏ ፈትታ ዋንጫውን ከቁም ሳጥኑ አወጣች። የሳሙናዎቹ ስም ተፍቆ በቦታው አንዲት የተጣመመች «ወ» ብቻ አለች። አባቷ ሊጽፍ በተቀመጠ ቁጥር ጆሮው በሩ ላይ ስለሚሆን እጁ እምቢ ይለው ነበር።

«ሰው ቢጠይቅስ?»

«አሸናፊ እስከ ቀጣዩ ፍጻሜ ይዞ ይቆያል፤ ሕጉ ነው። ቀጣይ የሚባል አልመጣም። የኛ ነው፤ እሱ ዘንድ አደራ ነበር። ይህንን እኔ እናገራለሁ።»

«ቁልፉ ተገኘ ወይ?» አክስቷ ከሳሎን።

«ተገኝቷል፤ ነይ ግቢ!»

የአባቷን መቅረጫ አነሳች። መያዝ ያስተማራት እሱ ነበር። ሽማግሌው ዋንጫውን በሁለት ጉልበቶቹ መሀል አስገብቶ ግጥም አድርጎ ያዘላት። «ፍ»ን ልትቀርጽ የመቅረጫውን ጫፍ ከአባቷ «ወ» ጎን አሳረፈችው።