በዙርባው መሀል ያለችው ቢጫ አበባ

ኢዮስያስ የሚባል ጎልማሳ ከአዲስ አበባ መጥቶ ጭሮ ጫት ተራ ውስጥ «ዕፅዋት አጥኚ ነኝ» እያለ የአበባ ሥዕል ሲያሳይ፣ ጫት አሳሪዋ ኮከቤ ከንፈሯን ነከሰች። ቫዮሌት የምትባለውን የዱር አበባ፣ ያውም ቢጫዋን ነው የሚፈልገው። «እዚህ አገር የማውቃት ወይን ጠጇን ነው፤ ቢጫዋን አይተናል የሚሉ ግን አሉ» አለ።

ኮከቤ አይታታለች። ከከተማው በላይ ካለው ድንች ማሳዋ ጥግ፣ ከእርጥቡ ቦታ ነው የምትበቅለው። ግን ትናገር እንዴ! አምና የጎረቤቷን የበድሪን ማሳ «ለማየት ብቻ» ብለው የመጡ ሰዎች ሜትር ዘርግተው ሄዱ፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ማሳው ታጥሮ ተወሰደበት። የዚህም ሰውዬ ቦርሳ ላይ ሜትር ተንጠልጥሏል።

«ኮኬ እኮ ሣሩን ሁሉ ታውቀዋለች» ብላ አጋለጠቻት ጣሂራ፣ ጫት የምታሳስራት ነጋዴ።

«ነገ አመጣልሃለሁ» አለች ኮከቤ፣ እየከበዳት።

ጴንጤ ናትና ጫት አትቅምም፤ ማሰር ግን ሃያ ዓመት አስራለች። ዙርባ፣ የጫቱ እስር፣ መሀል ምን እንደሚደበቅ፣ ፈትቶ የማያይ ገዢም ገዢ እንዳልሆነ ታውቃለች። በማግስቱ ያገኘችውን ቢጫ አበባ ሁሉ ለቅማ፣ እውነተኛዋን አንዲቷን መሀል ሸጉጣ፣ በሙዝ ልጥ ጠፍራ ሰጠችው። አበባ የማያውቅ ከሆነ መሬት ፈላጊ ነው።

ፈታው። አንድ በአንድ ጣለ። መሀል ሲደርስ ቆመ። ገልብጦ ከኋላዋ ያለችውን ቀንድ መሳይ ከረጢት በማጉያ መስታወት አየ። ከዚያ ጮኸ።

«ራሷ ናት! ቫዮሌት!»

ኮከቤ ደስ አላላትም፤ እንዲያውም ባሰባት። ለሣር እንዲህ የሚጮህ ሰው ለመሬቱማ ምን ሊሆን ነው?

«ከየት ቆረጧት፣ እናቴ?»

«ከአሰቦት።»

«አሰቦት ቆላ ነው። ይቺ ብርድና እርጥበት ነው የምትወደው። ጫማዎ ላይ ያለው ጭቃም ገና አልደረቀም።»

ጣሂራ በሳቅ ፈረሰች። «ወላሂ ተያዝሽ!»

ሰውዬው ደብተር አወጣ።

«ምን ልትጽፍ ነው?»

«የበቀለችበትን ቦታ። ቦታዋ ካልተጻፈ፣ እሷም ካልታየች፣ ማን ያምነኛል?»

«ማነው የሚያነበው?»

«የፈለገ ሁሉ ያነበዋል። ማሳዎ ላይ ብትሆንም ማንም አይነካውም፣ እናቴ።»

«በድሪንም እንዲሁ ነበር ያሉት። እስቲ አምጣት፣ አንዴ ልያት።»

ሰጣት። ጫት በአፏ ዞሮ የማያውቀው ኮከቤ አበባዋን ከነአገዳዋ ጎርሳ አኘከች።

«ኧረ እናቴ! ኧረ ይትፏት!»

ዋጠቻት። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«በል ጻፍ፤ ቦታዋ ሆዴ ነው። ሜትርህን አውጣና ለካው።»