ከሱሪው በስተጀርባ

ልብስ ሰፊው በሰፈሩ «ጋሽ ልክ» ይባላል። ደንበኛ ሲለካ ሆዱን ወደ ውስጥ ከሳበ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ መልሶ ይጠብቀዋል። «ተንፍስ ወንድሜ፣ ጨርቅ አይታለልም» ይላል። ይህ ሰው ነው እንግዲህ ስኳሩ ከፍ ብሎ ዓይኑ መፍዘዝ የጀመረው።

የመረመረችው ሐኪም አልሸነገለችውም። ስኳሩ ካልወረደ ዓይኑን እንደሚያሳጣው፣ ያን ጊዜ መቀሱን ሰቅሎ ቤቱ እንደሚውል ነገረችው። ነጭ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታና ጣፋጭ ይቅርበት፤ ሳህኑን በአትክልት ይሙላ፤ ምስር፣ ባቄላ፣ ስኳር ድንችና ጥቁር ዳቦ በጥቂቱ ይብላ አለች። ጋሽ ልክ ሁሉንም ይዞ ወጣ፤ «በጥቂቱ» የሚለውን ብቻ ወንበሩ ላይ ረሳው።

ከዚያ ወዲህ ሱቁ የስብከት ቦታ ሆነ። ለሠርጓ ልትለካ የመጣችውን ሙሽራ ሳይቀር ጥሩ ካርቦሃይድሬት፣ መጥፎ ካርቦሃይድሬት እያለ ያስተምራታል፤ ያውም አፉን ሞልቶ። ጥቁሩን ዳቦ ሙሉውን ይጨርሰዋል፤ ጥቁር ነዋ! ምስሩን በጎድጓዳ ሳህን፣ ስኳር ድንቹን በድስት። ሚስቱ ስትቀንስበት ይቆጣል፤ ሰው መድኃኒት ይከለከላል ወይ ይላታል። መድኃኒትም በልክ መሆኑን ማን ይንገረው።

ሱሪው ሲጠበው ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እሱ ግን ሙያ አለው። ሚስቱ ገበያ ስትወጣ የወገቡን ስፌት ከኋላ ፈትቶ፣ ከውስጥ የታጠፈውን ትርፍ ጨርቅ ትንሽ ለቀቅ ያደርግና መልሶ ይሰፋዋል። ማታ ጣቶቹን በሆዱና በሱሪው መካከል አስገብቶ ያሳያታል። «አየሽ? እየሰፋኝ ነው።» እሷም አመነች፤ ተመስገን አለች፤ ለእህቷም አወራች። የሚያናድደው ግን እሱም ራሱ ማመኑ ነው።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ሐኪሟ ዘንድ በተቀጠረበት ቀን ጠዋት ሱሪው አልቆለፍ አለ። ስፌቱን ፈታና ክሩን ወደ መርፌው ቢያስጠጋ ቀዳዳው ሁለት ሆነበት። ክሩን በምራቁ አሾለ፣ ዓይኑን አጠበበ፣ መስኮት ዳር ሄደ። ፈራ፤ ከልቡ ፈራ። ወዶ ሳይሆን ተገዶ ሚስቱን ጠራት።

ክሩን በአንዴ አስገባችለት። ከዚያ ሱሪውን ተቀብላ ገለበጠችው። ስፌት ቢፈታም መርፌው የበሳው ቀዳዳ ጨርቁ ላይ ይቀራል፤ የልብስ ሰፊ ሚስት ይህን አታጣውም። ባሏ «እየሰፋኝ ነው» ያለባቸው ቀናት እዚያ ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። ከመጨረሻው መስመር ወዲያ የጨርቁ ጠርዝ ብቻ ነው።

ትጮህብኛለች ብሎ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ሱሪውን ወንበር ላይ ጣል አድርጋ፣ «ጨርቁ አልቋል። አሁን ለመቀነስ የቀረኸው አንተ ነህ» አለችው።

ሜትሩን ከአንገቱ ላይ አወረደችና በወገቡ ዙሪያ አዞረችው። ጋሽ ልክ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ።

ሜትሩን እንደያዘች ቆመች።

«ተንፍስ» አለችው።