የሼፉ ቅምሻ

የሆቴሉ ሠራተኞች ሼፉን «በርሜሉ» ይሉታል፤ ደግሞ በሐሜት አይደለም፣ ፊት ለፊቱ ነው። እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር። መሳቅ ያቆመው የታናሽ እህቱ ኩላሊት ሥራ ባቆመና ሐኪሞቹ ከቤተሰቡ ሁሉ የሱ ብቻ ይስማማታል ባሉ ጊዜ ነው። ይስማማታል፣ ግን በዚህ ውፍረት ቀዶ ጥገናው ለራሱም ያሰጋዋል፣ መጀመሪያ ይቀንስ አሉ። እህትየዋ በኩላሊት እጥበት ነፍሷን ይዛ ትጠብቀው ጀመር።

ሰውየው ቆረጠ፣ ቀልድ የለም። ሐኪሙ በየሳምንቱ ሆዱ ላይ የሚወጋው የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ መርፌ አዘዘለት፤ የሥነ ምግብ ባለሙያዋም ምን መብላት እንዳለበት ነገረችው። ቅቤና ስኳር ከቤቱ ወጡ። ጠዋት የተቀቀለ እንቁላል፣ ማታ ጎመን፣ ምሳ ጭራሽ የለም። መርፌው ሲያቅለሸልሸው ግድግዳ ተደግፎ ይቆምና ወደ ምድጃው ይመለሳል። ሚዛኑ ግን መጀመሪያ ላይ ትንሽ ወረድ አለና ከዚያ ወዲያ ወይ ፍንክች!

ነገሩን ያጦዘው የእህቱ ባል ነው። አንጀቱ ያረረ ሰው ነውና አይፈረድበትም፤ ግን አፉ አያርፍም። ኩላሊቱን ሰስቶ ተደብቆ ይበላል፣ ሆዳም ድሮስ ለሆዱ እንጂ ለእህቱ ያስባል እንዴ እያለ ለዘመድ አዝማዱ አዳረሰው። ዘመድም ቦርጩን እያየ አመነ። ሼፉ ቢምል ቢገዘት የሚሰማው አጣ። እህቱ ብቻ ትከራከርለት ነበር። እሷም አንድ ቀን ከእጥበት ወጥታ፣ ክንዷን በፋሻ እንደታሰረች፣ ዓይኑን ሳታይ፣

«ጋሼ፣ ካልፈለግህ ንገረኝ። አልቀየምህም» አለችው።

ይሄኛው ገደለው። በንዴት ጦፎ ባለሙያዋ ዘንድ ሄደና መርፌያችሁም ጎመናችሁም ውሸት ነው ብሎ አፈጠጠባት። ሴትየዋ አልተቆጣችም። ምን በሉ የሚለውን ትታ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሥራ ቦታ እንዴት እንደሚውል እንዲነግራት ጠየቀችው። ሾርባውን፣ ስጎውን፣ ክሬሙን እያነሳ ሲያወራ ቀኝ እጁ ሳይታወቀው ደጋግሞ ወደ አፉ ይሄዳል። እሷ እጁን ነበር የምታየው።

«ይውጡታል?» አለችው።

«ታዲያ ልትፋው?»

ሼፍ ከሆነ ጀምሮ ሲቀምስ የኖረ ሰው ነው። አናጢ መጋዙን እንደሚያየው ነው ማንኪያውን የሚያየው፤ ቅምሻ ለሱ ሥራ ነው። በማግስቱ እንዳዘዘችው፣ ወደ አፉ ሊሄድ የነበረውን ማንኪያ ሁሉ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገለበጠ። የጨው ቅምሻ፣ የቅመም ቅምሻ፣ ደግሞ ለማረጋገጥ ሌላ ቅምሻ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሳህኑ ሞልቶ በቅቤና በክሬም ወዝ አፉ ድረስ አብረቀረቀ። ሼፉ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ዘጭ አለ። ወይ ጉድ፣ ለካ ስበላ ነው የምውለው አለ ለራሱ።

ከዚያ በኋላ ምክትሉ ይቀምስለት ጀመር፤ እሱ የግድ ሲሆንበት ምላሱ ላይ አድርጎ ይተፋዋል። ኪሎው እየወረደ ሄደ፣ ሱሪው ከወገቡ ይንሸራተት ጀመር። ነገሩን እህቱ በሌለችበት ለቤተሰቡ ሲያስረዳ ግን የእህቱ ባል ሳቀበት፤ ይሄን ተረት ለሕፃን ንገር አለው። ሼፉ እንደ እሳት ተቃጠለ። ይሁን፣ ኩላሊቱ ሲገባላት ያኔ ሁሉም አፉን ይይዛል፣ ለእህቴም ያኔ ራሴ እነግራታለሁ ብሎ ቻለው።

በመጨረሻ መስጠት ይችላል የተባለ ዕለት ወደ እህቱ እየሮጠ ሄደ። ሆስፒታል የተኛችበት ክፍል በር ላይ ሐኪሟ አስቆመው። ስትጠብቅ በቆየችበት ጊዜ ልቧ ደክሟል፣ ማደንዘዣውን አትቋቋምም፣ ከእንግዲህ ኩላሊት ቢገኝም አይተከልላትም አለው። ሼፉ ቀንሻለሁ እኮ፣ እዩኝ እያለ ኮቱን ገልጦ አሳየው። ሐኪሙ በሩን ከፈተለት።

ገባ። ባሏ እንዳየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እህቱ እጇን ዘርግታ የጎደለ ጉንጩን ዳሰሰችው፣ ከዚያ አንገቱን፣ ከዚያ የሰፋውን ኮሌታውን። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

«ለካ ትችል ነበር፣ ጋሼ» አለችው።

ሊያስረዳት አፉን ከፈተ። እሷ ግን ደክሟት ዓይኗን ጨፍናለች።