የድምፅ ቁጥር አርባ ሁለት ካርድ

ሙህዲን ንባብ ክፍሉ ገብቶ የካርድ መሳቢያውን ሲከፍት መዝገብ ጠባቂዋ ልደት ቀና ብላም አላየችውም። ሮቤ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ቤተ መዛግብት ሐሙስ ሐሙስ ለከተማው ሰው ክፍት ነው። አብዛኛው ሰው የሚመጣው ከጎባ የተሰበሰበውን የድሮ የመሬት መዝገብ ፍለጋ ነው።

"እህቴ፣ ድምፅ ቁጥር አርባ ሁለትን ፈልጌ ነበር።"

"እሱ ዝግ ነው። ተናጋሪዋ በሕይወት እያሉ አይከፈትም።"

"ዝግ መሆኑንማ አንብቤያለሁ።" ካርዱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው። "ግን እዚህ ከተጻፈው ሌላ ምን ቀረው?"

የራሷ የእጅ ጽሑፍ ነው። "ዲንሾ። ወይዘሮ ሞሚና። ሟች ባለቤታቸው በገበሬዎች አመፅ ዘመን የመንግሥት ወታደሮችን መርቶ ጉሉማ ከተደበቀበት ዋሻ እንዳደረሳቸውና እንዳስገደለው የተናገሩት። ዝግ።"

ልደት ካርዱን በመዳፏ ሸፈነችው። የድምፅ ቅጂውን በፖስታ አሽጋ ብረት ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ካርዱን ግን እንደማንኛውም ካርድ ሞላችው። አለቃዋ አቶ አምባዬ "ይዘቱን የማይናገር ካርድ ሰነዱን ይቀብረዋል" ይላሉ። እሷም ጎበዝ ሠራተኛ ናት፤ አንዲት ቃል አላስቀረችም።

"ጉሉማ አያቴ ነው" አለ ሙህዲን። "ወታደር ድንገት አገኘው ነበር የሚሉን።" ይህን ብሎ ወጣ።

ወይዘሮዋ፣ በአገሩ የአክብሮት አጠራር አዴ ሞሚና፣ ድምፄን አትቀጂም ብለው ሁለት ጊዜ መልሰዋት ነበር። በሦስተኛው "ካልተናገሩ ታሪኩ አብሮዎት ይቀበራል" ብላ አሳመነቻቸው። "እሺ፣ ግን እኔ ሳልሞት እንዳይወጣ" አሉ። "ማሜ አንድ ልጄ ነው። ከጉሉማ ቤት የሚለየን አጥር ብቻ ነው።" እዚህ አገር ደም በዘመን ብዛት አይሻርም። የደም ካሣው፣ ጉማው፣ ተከፍሎ እርቅ ካልወረደ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። አባትየው ሞቷል፤ ማሜ አለ።

ለአዴ ሞሚና ደወለች። ስልካቸው ዝግ ነው። እየሮጠች መናኸሪያ ደረሰች። ለመነሣት በተዘጋጀው የዲንሾ ሚኒባስ ውስጥ የቀረው አንድ ቦታ ነው፤ ከሙህዲን ጎን።

ተቀመጠች። ሮቤን ለቀው የገብሱ ማሳ ሲጀምር ወደ እሷ ዞረ።

"ልታስጠነቅቂያቸው ነው?"

"ለሥራ ነው።"

"ውሸት አልለመደብሽም። ካርድሽ ይመሰክራል።"

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ከማሜ ጋር አንድ ቀን ነው የተገረዝነው። የአባቴን መቃብር የቆፈረው እሱ ነው።" ወደ መስኮቱ ዞረ። "እኔስ ምን ላድርግ? አንቺ የተማርሽው ንገሪኛ።"

እጆቹ ጋቢው ውስጥ ናቸው። ምን እንደያዙ ማየት አልቻለችም፤ እስከ ዲንሾም አላወጣቸውም።

ሲወርዱ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። ልደት ልትቀድመው ብትሞክርም እርምጃው ረጅም ነው። ማሜ ደጃፉ ላይ እንጨት ይፈልጣል።

"ሙህዲኔ! አካም ኦልቴ?" ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠው። "ደግሞ ቆንጆ ይዘህ! ለእኔ ነው ለአንተ?"

ድምፅ ሰምተው አዴ ሞሚና ወጡ። ልደትን አዩ፤ ቀጥሎ ሙህዲንን አዩ። ከአጥሩ ሥር እፍኝ እርጥብ ሣር ነጭተው በሁለት እጃቸው ዘረጉለት፤ በዳይ ወገን ምሕረት ሲለምን የሚይዘውን።

የሙህዲን እጆች ከጋቢው ወጡ። ባዶ ናቸው። ሣሩን ግን አልተቀበለም።

"ሽማግሌ ላኩ" አለ። "ለአጎቶቼ ነገ ጠዋት እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ እኔ አላዛቸውም። እስከዚያ ማሜን ከዚህ አርቁት።"

ከአጥሩ ማዶ ወዳለው የራሱ ግቢ ገብቶ በሩን ዘጋ። ከውስጥ መወርወሪያው ሲገባ ተሰማ።

"ምን ነካው?" አለ ማሜ። "ምንድን ነው እሱ የሚለው?"

አዴ ሞሚና ሣሩን እንደያዙ ወደ ልደት ዞሩ። "ሚኒባሱ ወደ ሮቤ ሳይመለስ ይዘሽው ሂጂ።"

ማሜ ሳቀ። ማንም አብሮት እንዳልሳቀ ሲያይ አቆመ።

ልደት ክንዱን ያዘችው። "ና፣ መንገድ ላይ እነግርሃለሁ።"