ከራስጌ የሚቆም

ቅናት ነው። ሌላ ስም አልሰጠውም።

በስታዲየሙ የመጀመሪያ እርዳታ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ዘጠኝ ዓመት አገልግያለሁ። ታናሽ እህቴን አምና ያመጣኋት እኔ፣ ፋሻ አጠቃለል ያስተማርኳትም እኔ። በዋንጫው ጨዋታ ዕለት ግን አስተባባሪው ከመልበሻ ክፍሉ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍላችን ቆሞ ምድቡን ሲያነብ፣ ቃሬዛው ላይ ራስጌውን ለእሷ ሰጣት። እኔን ግርጌ መደበኝ።

እኛ ዘንድ ራስጌ የያዘ አዛዥ ነው። ጉዳተኛውን የሚያናግር፣ የሚቆጥር፣ "አንሱ" የሚል እሱ ብቻ ነው። ሌሎቻችን ሦስት ቢባልም ንቅንቅ አንልም፤ "አንሱ"ን እንጠብቃለን። እስከዚያ ቀን ራስጌው የእኔ ነበር።

"እትዬ፣ ቅር ካለሽ ልንገረው" አለችኝ የቦርሳዋን ዚፕ እየዘጋች።

"ምን ቅር ይለኛል? እንኳን ቀናሽ" አልኳት። የቀናሁትስ እኔ ነበርኩ። ለንቦጬን ጥዬ ጓንቴን አጠለቅሁ።

ከእረፍት በኋላ አንድ ተከላካይ ጉልበቱን ይዞ ወደቀ። ዳኛው ሲጠራን አራታችንም ተሸካሚዎች ሮጥን። እህቴ ከራስጌው ተንበርክካ "አይዞህ ወንድሜ፣ እኔን ብቻ እየኝ" ስትለው ጩኸቱን አቆመ። እኔ ያስተማርኳት ቃል ነው፤ ከእሷ አፍ ግን የበለጠ ያምራል።

"አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት..." አለች።

"አንሱ!" አልኩ እኔ።

ልማድ ነው ብዬ መማል እችል ነበር። አይደለም። ግርጌው ተነሳ፣ ራስጌው መሬት ቀረ፣ ልጁ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ጮኸ። እሷ ትከሻውን በክንዷ ደግፋ "አውርዱ" አለች፣ ቀስ ብላ። እንደገና ቆጠረች። በሰላም አወጣነው።

ክፍላችን ስንመለስ ሐኪሙ ጉልበቱ እንዳልባሰበት ነገረን። አስተባባሪው ግን ፊቱ ጠቁሯል።

"ማነው ቆጠራውን ያበላሸው?"

አፌን ከመክፈቴ በፊት፣ ደግሞም ልከፍት መሆኔን እንጃ፣ እህቴ "እኔ ነኝ፣ ተምታታብኝ" አለች።

"እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ራስጌውን ታላቅሽ ትያዝ።"

እውነቱን ሳልናገር ጓንቴን አወለቅሁ። እሷ ቃሬዛውን በውሃና በሳሙና ታጥብ ጀመር፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

እነሆ ራስጌውን ይዣለሁ፤ ቀንቶኛል ማለት ነው። የምቀናው ግን አሁንም በእሷ ነው።